የግፊት ጋን ምንድን ነው? ሲበላሽስ እንዴት ይለወጣል?

ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። ይህን ለገበሬ ማስተማር አያስፈልግም። ቦይ ቀዶ ውሃ ወደ ማሳው ያስገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ከተማ ስንገባ ውሃው ፎቅ ላይ ወጥቶ እናገኘዋለን። ከጉድጓድ ተነሥቶ በቧንቧ እየሄደ ወጥ ቤት ይደርሳል። ምን ገፍቶት ነው?

በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት አፄ ምኒልክ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ሲያስመጡ፣ የአዲስ አበባ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ጠይቋል። ሥራውን የመራው ስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ያለው ጉብታ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው ከእንጦጦ ቁልቁል ከወረደ በኋላ እንደገና ዳገት መውጣት ነበረበት። ብዙ ሰው አላመነም። ውሃው ግን ወጣ። የወጣበትም ምክንያት ምትሃት አይደለም። መነሻው ከመድረሻው ይልቅ ከፍ ያለ ነው። ከላይ ያለው ውሃ በክብደቱ የታችኛውን ይጫነዋል። የተጫነው ውሃ መሄጃ ሲያጣ በቧንቧው ውስጥ ሽቅብ ይገፋል። ይህ ጉልበት ግፊት ይባላል።

ግፊት እንዴት እንደሚለካ ለመረዳት ቸርችል ጎዳናን እናስብ። ቸርችል ጎዳና በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በዊንስተን ቸርችል ስም የተጠራ፣ ከአራዳ ቁልቁል የሚወርድ ሰፊ መንገድ ነው። ከላይ ከፒያሳ በኩል ማዘጋጃ ቤቱ አለ። ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ ሊሴ ገብረማርያም፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ዋናው ፖስታ ቤት፣ ብሔራዊ ቴአትር እየታለፉ ለገሃር ይደረሳል። ለገሃር ማለት በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የደረሰው በዚህ በኩል ነው። ጎዳናው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሲወርዱት ጉልበት ያንቀጠቅጣል። ሲወጡት ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል።

አሁን አንድ ቧንቧ ከማዘጋጃ ቤቱ በር እስከ ለገሃር ተዘርግቷል እንበል። ውሃ ይሞላበትና የታችኛው አፉ ይደፈን። ለገሃር ላይ ያለው አፍ ብርቱ ግፊት ይሸከማል። ስንት? ሕጉ ቀላል ነው። ውሃ ሽቅብ በተለካ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር የሚባል ግፊት ይጨምራል። የመንገዱ ርዝመት አይቆጠርም። የሚቆጠረው ከፍታው ብቻ ነው። የማዘጋጃ ቤቱና የለገሃር የከፍታ ልዩነት 50 ሜትር ብቻ ነው ብንል እንኳ 5 ባር ይሆናል። ይህን ያህል ግፊት ያለበትን ቧንቧ በአውራ ጣት ደፍኖ የሚያቆም ጎበዝ አይገኝም።

የከተማ ውሃ በዚሁ ሕግ ይሠራል። ውሃው ጉብታ ላይ በተሠሩ ታላላቅ ጋኖች ይጠራቀምና ቁልቁል ወደ ሰፈሩ ይለቀቃል። ነገር ግን የራሱ ጉድጓድ ያለው ሰው ውሃው ያለው ከእግሩ በታች ነው። ጉብታ የለውም። ስለዚህ ግፊቱን በሞተር መፍጠር አለበት። የግፊት ጋን የሚባለውም ዕቃ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

አክስቴ ይኖሩበት የነበረው ግቢ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ያለ የድሮ ግቢ ነበር። በግቢው ውስጥ በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ነበረ። በልጅነቴ ውሃው የሚቀዳው በገመድና በባልዲ ነው። ውሃው ከአፉ 5 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር። የሚጠጣው ውሃ ከመንግሥት ቧንቧ በፈረቃ ይመጣል። የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ነው። አክስቴ የሚተዳደሩት የሰው ልብስ በማጠብ ነበርና የጉድጓዱ ውሃ ለሳቸው እንጀራ ነው። እርጅና ሲመጣ ገመድ መሳብ አቃታቸው። ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው የኤሌክትሪክ የውሃ ሞተር አስገቡላቸው። የከተማ ሰው ዲናሞ ይለዋል። ከሞተሩ አጠገብ አንድ ትንሽ ቀይ የብረት ጋን ተገጠመ። 24 ሊትር ይይዛል ተባለ። ቧንቧ ሠራተኞች ፕሬዠር ታንከር ይሉታል። እኛ የግፊት ጋን እንበለው።

ሁለት ዓመት ያህል ደኅና ሠራ። ከዚያ ሞተሩ ተቃጠለ። የመጣው ሠራተኛ «ሞተሩ አርጅቷል፤ ሌላ ይገዛ» አለ። ተገዛ። አምስት ወር ሳይሞላው አዲሱም ተቃጠለ። ሠራተኛው አሁንም «ሞተሩ ደካማ ነው፤ ጠንከር ያለ ይገዛ» አለ። ስሙን አልጠራም። ክፉ ሰውም አልነበረም፤ የሚታየውን ብቻ አየ። አክስቴ ለሦስተኛው ሞተር ከዕቁባቸው ተበደሩ። ችግሩ ግን ከሞተሩ አልነበረም።

ይህን ያወቀው የተማረ ሰው አይደለም። አጎቴ ናቸው። የአክስቴ ታላቅ ወንድም፣ የጎጃም ገበሬ ናቸው። ለሕክምና መጥተው ሞተሩ ካለበት ግድግዳ ወዲህ በኩል ተኝተው ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አጡ። ጠዋት ቡና ላይ እንዲህ አሉ፦

«ይህ ዕቃችሁ ምን ነክቶታል? ሰው ብርጭቆ ባለቀለቀ ቁጥር ይነሣል። ብድግ ይላል፣ ወዲያው ይተኛል። ደግሞ ብድግ ይላል። በሬ እንኳ በየእርምጃው ጠምደህ በየእርምጃው ብትፈታው ይሞታል።»

«ጋሼ፣ ሞተር እኮ ነው፤ እንዲያ ነው የሚሠራው» አሉ አክስቴ።

«እንዲያ አይደለም» አሉ አጎቴ። «ሲገዛስ እንዲህ ነበር?»

አክስቴ ዝም አሉ። ሲገዛ እንዲህ አልነበረም። መጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ባልዲ ሳይቀዳ ሞተሩ አይነሣም ነበር።

የነገሩ ቁልፍ ይኸው ነው። ሞተሩ ለምን ብድግ፣ ቁጭ እንደሚል ለማወቅ የጋኑን ሆድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የግፊት ጋን የውሃ ማጠራቀሚያ ይመስለዋል። አይደለም። ዋናው ሥራው አየር መያዝ ነው። ውስጡ በወፍራም ጎማ የተሠራ ከረጢት አለ። በብረት ጋን ውስጥ የገባ ስልቻ ነው ብለን እናስበው። ውሃው የሚገባው ስልቻው ውስጥ ነው። በስልቻውና በብረቱ መካከል ያለውን ቦታ የያዘው አየር ነው። አየሩ የሚሞላው ከጋኑ ጫፍ ባለች ትንሽ አፍ ነው። ይህች አፍ ከመኪና ጎማ መንፊያ አትለይም። ብዙ ጊዜ ከላይዋ የፕላስቲክ ክዳን አለባት።

ውሃ ቢጫኑት አይጨመቅም። አንድ ጠርሙስ ውሃ ጢም ብሎ ከሞላ ቡሹን ወደ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። አየር ግን ይጨመቃል። ሲለቁት ደግሞ ተመልሶ ይገፋል። ሞተሩ ውሃ ሲገፋ ስልቻው ያብጣል፣ አየሩ ይጨመቃል። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ቧንቧ ሲከፈት፣ የተጨመቀው አየር ስልቻውን ይጨምቀዋል፤ ውሃውም ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ዐርፎ ይተኛል። ውሃውን የሚገፋው አየሩ ነው። እንደ አንጥረኛ ወናፍ ማለት ነው።

ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው በሌላ ገባቸው። «ገባኝ» አሉ። «ወተት ስትንጥ ቅሉን ጢም አድርገህ አትሞላውም። አየር ካልተውክለት አይናጥም፤ ዝም ብሎ ይከብድሃል። ይህም ጋን ጢም ብሎበታል።» ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኔ አላውቅም።

ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያስቆመው ከጎኑ ያለች ትንሽ ሣጥን ናት። የግፊት ማብሪያ እንበላት። በውስጧ ሞላ አለ። ግፊቱ ዝቅ ሲል ሞላው ተላቆ ኤሌክትሪኩን ያገናኛል። ግፊቱ ከፍ ሲል ይቆርጠዋል። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በ1.4 ባር እንዲያስነሡ፣ በ2.8 ባር እንዲያስቆሙ ሆነው ነው። ጎሚስታ ዘንድ ባለው የጎማ መለኪያ ሲቆጠር 20 እና 40 ማለት ነው። አየሩ ደኅና ከሆነ፣ 24 ሊትር የሚይዘው ጋን ከ40 ወደ 20 እስኪወርድ 8 ሊትር ያህል ውሃ ይሰጣል። ይህ ግማሽ ባልዲ ያህል ነው። አየሩ ከጠፋ ግን አንድ ብርጭቆ ሲቀዳ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። ሞተሩ ይነሣል። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ግፊቱ ይሞላል። ይቆማል። ሞተር ደግሞ ሲነሣ ከሚሮጥበት ጊዜ ይልቅ ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ሽቦውም የሚግለው ያን ጊዜ ነው። በቀን አንድ ሺህ ጊዜ የሚነሣ ሞተር ቢቃጠል ምን ይገርማል? የአክስቴን ሁለት ሞተሮች የገደላቸው ይኸው ነው።

ስለዚህ ሞተር ከመግዛት በፊት ጋኑን መመርመር ያስፈልጋል። ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ ጆሮ ነው። አጎቴ እንዳደረጉት ያዳምጡ። ውሃ በተቀዳ ቁጥር ሞተሩ ብድግ ቁጭ የሚል ከሆነ ጋኑን ይጠርጥሩ። ነገር ግን ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ሞተሩ በራሱ የሚነሣ ከሆነ፣ ያ ሌላ በሽታ ነው። ወይ አንድ ቦታ ይፈስሳል፣ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ባለው ቱቦ ጫፍ ያለው፣ ውሃ እንዳይመለስ የሚያግደው መዝጊያ ተበላሽቷል። ጋን ቢለወጥ ይህኛው አይድንም።

ሁለተኛ ጋኑን በጣት አንጓ ቆርቆር ያድርጉት። ባዶ ጋንና ሙሉ ጋን በድምፅ እንደሚለዩ የጠላ ጋን የቆረቆረ ሁሉ ያውቃል። ሞተሩ እንደቆመ የትም ቢቆረቆር ድፍን ድምፅ ብቻ ካለው፣ ውሃ አለቅጥ ገብቶበታል።

ሦስተኛውና እርግጠኛው ምርመራ በአየር ማስገቢያዋ አፍ ነው። ኤሌክትሪኩን ከነቀሉ በኋላ ክዳኗን ይክፈቱና መካከሏ ያለችውን መርፌ በጥፍር ጫን ያድርጓት። አየር ፍስስ ካለ ስልቻው ደኅና ሳይሆን አይቀርም። ምንም ካልወጣ አየሩ አልቋል፤ ምናልባት መሙላት ብቻ ይበቃል። ውሃ ከወጣ ግን ስልቻው ተቀድዷል። አየር ቢሞላበት በከንቱ ነው። አክስቴ ዘንድ መርፌዋን ስጫናት የወጣው ዝገት ያጠቆረው ውሃ ነበር፤ ሸሚዜ ላይ ተረጨ። ይህም ሁሉ ሆኖ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱ ተገኘና።

ስልቻው ብቻ ከተቀደደ፣ ስልቻውን ብቻ ለይቶ መግዛት ይቻላል። ዋጋው ከሙሉው ጋን በብዙ ያንሳል። እንዲህ ያሉት ትንንሽ ጋኖች በአንድ በኩል በብሎን የታሠረ ክብ የብረት ክዳን አላቸው። ክዳኑ ሲፈታ አሮጌው ጎማ ይወጣል፤ አዲሱ ተጠቅልሎ ይገባል። ነገር ግን ብረቱን ደኅና አድርጎ ማየት ነው። ውሃው ከስልቻው ወጥቶ ብረቱን ሲነካ ከውስጥ ያዝገዋል። ዝገቱ በልቶት እንደሆነ ግፊት ያለበትን ብረት ማመን ሞኝነት ነው። የአክስቴ ጋን ከሥሩ እንደ እንጀራ ዓይን ሆኖ ነበር። ስለዚህ ሙሉውን መለወጥ ግድ ሆነ።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው ጥቂት ቃላት ይወቅ። የቧንቧና የጋራዥ ሠራተኞች ቋንቋ ብዙው ከጣልያን የመጣ ነው። ፒያሳ ራሱ የጣልያን ቃል ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። በመዘውር የሚከፈትና የሚዘጋውን የውሃ መቁረጫ ሳራቺኔስካ ይሉታል። ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ ነው። መቆንጠጫው ፒንሳ ነው። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። እነዚህን ቃላት ያላወቀ ሰው ሱቅ ውስጥ በእጁ እያመለከተ ይደክማል። የአሮጌውን ጋን አፍ ልክ በገመድ ለክቶ ወይም ዕቃውን ራሱን ተሸክሞ መሄድ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። አዲሱ ጋን ከአሮጌው የበለጠ ቢይዝ አይጎዳም፤ ሞተሩ የበለጠ ያርፋል። የሚያንስ ግን አይገዛ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ኤሌክትሪክ ይቆረጥ። የሞተሩ ማጥፊያ ብቻ አይበቃም። ሶኬቱ ይነቀል። ሶኬት ከሌለው ቆጣሪው ዘንድ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ ይውረድ፤ ልጆች መልሰው እንዳያበሩትም አንድ ሰው ይጠብቀው። ውሃና ኤሌክትሪክ ባሉበት እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የሚሠራ ሰው ሁለተኛ ዕድል አይሰጠውም። የግፊት ማብሪያዋን ሣጥን ክዳን ደግሞ አይንኩ። ጋን ለመለወጥ እሷን መክፈት አያስፈልግም። የሽቦ ሥራ ካለ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠራ። ሲመጣም ሞተሩ የመሬት ሽቦ እንዳለው ያስዩት፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ቀጥሎ ግፊቱ ይውጣ። ከሁሉ ዝቅ ብሎ ያለውን ቧንቧ ከፍተው ውሃው እስኪያቆም ይጠብቁ። በሞተሩ ላይ ያለችው የግፊት መለኪያ ሰዓት ዜሮ ላይ ትቁም። መርፌዋ ዜሮ ሳትደርስ አንድም ብሎን አይፈታ። የተጨመቀ አየር እንደ ተወጠረ ደጋን ነው፤ ብረቱን አስፈንጥሮ ፊት ሊመታ ይችላል። ስለዚህ የአየር ማስገቢያዋን መርፌም ተጭነው የቀረውን አየር ያስወጡት።

ጋኑን ከቧንቧው ጋር ያያያዘውን ማሠሪያ ሲፈቱ ሁለት መፍቻ ይያዙ። አንዱ ማሠሪያውን ይዞራል፤ ሌላው ቧንቧው አብሮ እንዳይዞር ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። እኔ በአንድ መፍቻ ጀምሬ የዛገችውን ቧንቧ ቀነጠስኳት። በዚያች ምክንያት ግማሽ ቀን ሌላ ቧንቧ ፍለጋ ሄደ። አጎቴ አይተው «እኔ ሞፈር ስሰካ እንኳ በአንድ እጅ እይዛለሁ» ብለው ሣቁብኝ። ውሃ የሞላው ጋን እንደሚከብድም አይርሱ። 24 ሊትር ውሃ ብቻውን 24 ኪሎ ይመዝናል፤ ብረቱ ሌላ ነው። ከሥሩ ድንጋይ ወይም እንጨት አስደግፈው፣ ለሁለት ሆነው ያውርዱት።

አዲሱ ጋን ከመገጠሙ በፊት አየሩ ይለካ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አየር የሚለካውም የሚሞላውም ስልቻው ውስጥ ውሃ በሌለበት ጊዜ ብቻ ነው። ውሃ ካለ መለኪያዋ የምታሳየው የውሃውን ግፊት ነው፤ ትዋሻለች። መጠኑ ሞተሩ ከሚነሣበት ግፊት በጥቂት ያንስ። ሞተሩ በ20 የሚነሣ ከሆነ አየሩ 18 ይሁን። መለኪያ ከሌለ ጋኑን ተሸክሞ ጎሚስታ ዘንድ መውሰድ ነው። እዚያ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ጎሚስታው ጋኑን አይቶ ይሥቅ ይሆናል፤ ይሣቅ። በቤት ውስጥም በብስክሌት መንፊያ መሙላት ይቻላል።

የቧንቧው ጥርስ ከአሮጌው ቆሻሻ ይጸዳና ቴፍሎን የሚባለው ነጭ ስስ መጠቅለያ ይጠቀለልበት። ቴፍሎን ከሌለ ቃጫም ይሠራል። ጥርሱን ፊት ለፊት እያዩ፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠቅልሉ። በተቃራኒው ከተጠቀለለ ሲጠብቅ ይፈታል። ማሠሪያው ጠበቅ ይበል እንጂ በጉልበት አይጨነቅ። ከልክ በላይ የተጠመዘዘ ጎማ ቶሎ ይቀደዳል።

አሁን ሞተሩን ለማስነሣት አይቸኩሉ። ግፊቱ ሲወጣ በሞተሩ ውስጥ የነበረው ውሃም ወጥቶ ይሆናል። ሞተር ያለ ውሃ ከሮጠ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማሸጊያው ይቃጠላል። ከራሱ ላይ ያለችውን የውሃ መጨመሪያ ብሎን ፈትተው እስኪሞላ ውሃ ይጨምሩበት። ከዚያ ብሎኗን ይዝጉ፣ አንድ ቧንቧ ይክፈቱ፣ ኤሌክትሪኩን ይመልሱ። መጀመሪያ አየርና ውሃ እየተቀላቀለ እየተፋ ይመጣል። ዝገትና ቆሻሻም ሊኖረው ይችላል፤ ይፍሰስ። ውሃው ጠርቶ ሳያቋርጥ ሲወርድ ቧንቧውን ይዝጉ። የመለኪያዋ መርፌ ቀስ እያለች ትወጣለች። ቀስ ማለቷ መልካም ምልክት ነው። 40 ስትደርስ ሞተሩ ይቆማል። እያንዳንዱን ማያያዣ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይዩት፤ ተመልሶ የሚረጥብ ቦታ ካለ ያፈስሳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ደጋ አገር አንድ ነገር ልጨምር። ከጉድጓድ አፍ ላይ የተቀመጠ ሞተር ውሃን ከታች የሚያመጣው በመሳብ ነው እንላለን። በእውነቱ ግን ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው ከላይ የሚጫነን አየር ነው። ሞተሩ የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወገድ ብቻ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አየር ውሃን እስከ 10 ሜትር ያህል ሊገፋ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ቀላል ነው። በደጋ አገር ውሃው ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ ከራቀ፣ ላይ የተቀመጠ ሞተር ምንም ቢያጓራ አያወጣውም። ለዚያ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ሞተር ያስፈልጋል። የመሸጫ ወረቀቱ 8 ሜትር ይስባል ቢል፣ ያ የቆላ ቁጥር ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ሞተሩ እምቢ የሚልበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ኤሌክትሪክ የሌለበት፣ ወይም በየጊዜው የሚጠፋበት አገር ያለ ሰው ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ሊል ይችላል። እሱ ወደ ቸርችል ጎዳናው ሕግ ይመለስ። በርሜል ወይም ሮቶ ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ቢሰቅል፣ ከፍታው ራሱ ግፊት ይሆነዋል። 3 ሜትር ቆጥ የሚሰጠው የአንድ ባር ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ለመታጠቢያና ለጓሮ አትክልት ይበቃል፤ ፎቅ ግን አያወጣም። ቆጡ ጠንካራ ይሁን። 1,000 ሊትር ውሃ 1,000 ኪሎ ነውና አሥር ኩንታል እህል እንደሚሰቀልበት ተደርጎ ይሠራ። እንደ እኔ ቦታና እንጨት ላለው ሰው ቆጡ ይሻላል። የሚቀደድ ስልቻ የለውም፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋም ውሃው አይቋረጥም። የከተማ ግቢ ግን ጠባብ ነው፤ ጋኑ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

አክስቴ ዘንድ ሥራው ያለቀው አመሻሽ ላይ ነበር። ሞተሩ 40 ላይ ሲቆም አጎቴ በርጩማ ስበው ቧንቧው ሥር ተቀመጡ። የሊትር ጣሳ አስመጡና መቅዳት ጀመሩ። አንድ ብለው ወደ ገንዳው ገለበጡ፤ ሞተሩ ዝም አለ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ዝም። አክስቴ በወጥ ቤቱ በር ቆመው ይቆጥራሉ። ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛው ጣሳ ሊሞላ ሲል ሞተሩ ተነሣ። ሳያቋርጥ ሮጠ፣ ግፊቱን ሞላ፣ ቆመ።

«አሁን በሬው ትልሙን ጨርሶ ነው የሚያርፈው» አሉ አጎቴ።

በስድስት ወር አንድ ጊዜ አየሩ መለካት አለበት። ጎማው ደኅና ቢሆን እንኳ አየር በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። አክስቴ ቀኑን በወረቀት ላይ ጽፈው ከጋኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፉት። አጎቴ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ስልክ በደወሉ ቁጥር ከጤና ቀጥሎ የሚጠይቁት ስለዚያ ጋን ነበር፤ «ስንት ጣሳ ይሰጣል?» ይሉ ነበር።